ሰባት ሸርጣን በአደራ

ሸርጣኖቹ ሰባት ነበሩ፤ ሦስት ወንድ፣ አራት ሴት። ባለ መስታወቱ ለፋርማሲስቷ በአደራ ሰጥቷቸው ከከተማው የወጣው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከዚያ ወዲህ ስድስት ወር አልፏል። እሷ ግን የዓለም ቀን ሁሉ ከዚያ ማክሰኞ የጀመረ ይመስል፣ «ከሄደ ይህን ያህል» እያለች ትቆጥራለች።

የተገናኙት በተሰበረ መስታወት ነበር። ንፋስ የፋርማሲውን በር ወስዶ ሲመልሰው የፊት ለፊቱ መስታወት ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀና ከገበያው ጀርባ ሱቅ ያለው መስታወት ቆራጭ ተጠራ። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ሰፈርተኛው ግን «ባለ መስታወቱ» ስለሚለው፣ ሲጠሩት ዞር የሚለው በዚያ ነው። መጣ፤ ለካ፤ ቆርጦ አምጥቶ ገጠመ። ዕቃውን ሲሰበስብ ከአውራ ጣቱ ደም ሲንጠባጠብ ያየችው እሷ ናት።

«እንዴ! ተቆርጠሃል እኮ!»

«ምንም አይደል፣ ዶክተር።» መድኃኒት የሚሸጥ ሁሉ ለሰፈሩ ዶክተር ነው።

ጎትታ አስቀመጠችውና ቁስሉን እያጠበች፣ «በዚህ ሙያ ስንት ዓመት ሠራህ?» አለችው።

«አሥራ ስምንት።»

«አሥራ ስምንት ዓመት የሠራ ሰው እንዴት ዛሬ ይቆረጣል?»

«አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ዓይኔ መስታወቱ ላይ ነበራ!»

ይህን ካለ በኋላ በገዛ አፉ አፍሮ መሬት መሬቱን አየ። እሷም ፋሻውን ከሚገባው በላይ ሁለት ዙር ጠመጠመችው።

በሦስተኛው ሳምንት ሱቁን ልታይ ሄደች። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ኋላ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ራሱ የገጣጠመው የመስታወት ቤት ነበር። በአንድ በኩል ተዳፋት ሆኖ የተከመረ እርጥብ አሸዋ፣ በሌላው በኩል ጣት የማያሰጥም ውሃ። አሸዋው ላይ የክብሪት ሣጥን የማያክሉ ሸርጣኖች ይርመሰመሳሉ። አንዱ ግን ከራሱ አካል የማይተናነስ ክንድ ተሸክሞ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል፤ ክንዱን ከፍ ያደርጋል፣ ዝቅ ያደርጋል።

«ምን እያደረገ ነው?»

«እየጠራ። እኔ ያደግኩበት ጠረፍ ላይ ‹ነይ-ነይ› ነው የምንላቸው። ሴቶቹ ሁለቱም እጃቸው ትንንሽ ነው፤ በሁለት እጅ ይበላሉ። ወንዱ አንዱን እጁን ለጥሪ ስለሰጠ በቀረው በአንዱ ነው የሚበላው። ይህ ትልቁ ሻለቃ ይባላል።»

«መጥታለት ታውቃለች?»

«ኧረ የለም! ዞር ብላ ያየችው የለችም። እሱ ግን ደክሞት አያውቅም።»

እሷ ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ ስትስቅ ያያት ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ ተዋደዱ፤ እሷ ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁ ብቅ እያለች፣ እሱ የማያመውን ራስ ምታት እያሳበበ ፋርማሲው እየመጣ። ከዚያ ልጅዎን ይስጡኝ ብሎ አባቷን ሊጠይቅ ሄደ።

አባቷ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗል፤ በሰፊው ቤት ከልጃቸው ጋር ሁለት ብቻ ሆነው ይኖራሉ። ባለ መስታወቱ የዚያን ዕለት ከአክስቱ ባል የተዋሰውን ኮት ለብሶ ነበር፤ እጅጌው አጥሮበታል። ዳኛው በትሕትና ተቀበሉት፤ አስቀመጡት፤ ሻይ አስቀረቡለት፤ ንግግሩን እስኪጨርስ ሳያቋርጡ ሰሙት። ከዚያ፣

«መቼም እግር ጥሎህ መጥተሃል» አሉት፤ «የበረንዳዋ መስታወት ጥጓ ተሰንጥቋል። እግረ መንገድህን ብታይልን።»

ፋርማሲስቷ ዓይኗን ከአባቷ ወደ እሱ አዞረች። ይቆጣ ይሆን፣ ጥሎ ይወጣ ይሆን ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ቀስ ብሎ ተነሣ። ከኪሱ ሜትር አወጣ፣ በረንዳው ላይ ወጥቶ ለካ፣ ቁጥሩን መዳፉ ላይ ጻፈ። በማግስቱ መጥቶ ገጠመው፤ አንድ ሳንቲም አልተቀበለም። በወሩ፣ የሰባት ሰዓት መንገድ ርቆ ባለ ከተማ ለሚሠራ ትልቅ ሕንፃ መስታወት ሊገጥም የአሥራ አራት ወር ውል ፈረመ።

«ለምን አልተቆጣህም?» አለችው ሲለያዩ፣ የሸርጣኖቹ ቤት መሐላቸው መሬት ላይ ተቀምጦ።

«መስታወቱ እኮ እውነትም ተሰንጥቋል» አላት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺን መልስ በረንዳው ላይ በወጣች ቁጥር ታስታውሳታለች።

* * *

የመስታወቱን ቤት መኝታ ክፍሏ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር አጭር ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። አያያዙን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፎላት ነበር። የቧንቧ ውሃ ክፍት ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ ይቀመጥ። የወጥ ጨው አይሆንም፤ የባሕር ጨው ብቻ። አሸዋው አይድረቅ። ብርድ አይችሉም፣ አምፖሉ አይጥፋ። ክዳኑ ሁልጊዜ ይከደን፣ ይሸሻሉና። እሷም መድኃኒት በሚሊግራም የምትመዝን ሰው ናት፤ ጨዉን በፋርማሲው ሚዛን እየመዘነች ቤት ትወስዳለች።

ዳኛው የመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ቆመው አዩ።

«እኔ ቤት? ተባይ?»

«ተባይ አይደሉም፣ አባዬ። ሸርጣን ናቸው።»

«እግሩ ከአራት የበለጠ ሁሉ ለእኔ ተባይ ነው» ብለው በሩን ዘጉት።

አባትና ልጅ ምሳ የሚበሉት በዝምታ ነው። ሬዲዮው ዜና ያነባል፤ ዳኛው አንባቢው ሲሳሳት ያርሙታል። «‹ተደረገ› አይባልም፣ ‹ተካሄደ› ነው» ይላሉ ለሬዲዮው። እሷ ትሰማለች። ሳህን ታነሣለች። ከዚያ ክፍሏ ገብታ ወለሉ ላይ ቁጭ ትላለች። ሴቶቹ ሸርጣኖች አሸዋውን በሁለት እጃቸው እየዛቁ ወደ አፋቸው ይሰዳሉ፣ የማይበላውን እንደ ዶቃ አድቦልቡለው ይተዉታል። ሻለቃው ክንዱን ያነሣል፣ ይጥላል። አንዳንድ ቀን እጇን አንሥታ ትመልስለታለች። ሠላሳ ሦስት ዓመት የሞላት ሴት ለሸርጣን እጅ ስታወዛውዝ ሰው ቢያየኝስ ብላ ታፍራለች። የሚያይ ሰው እንደሌለ ትዝ ሲላት ደግሞ ይብስባታል።

ደብዳቤ በየሦስት ሳምንቱ ይመጣል። ፖስታውን ሳትከፍት ደረቷ ላይ አድርጋ መንገዱን ትጨርሳለች። ቤት ስትደርስ ከፍታ ታነባለች፦

«ሠላምሽ ይብዛ። እኔ ደህና ነኝ። ውሃውን ቀየርሽ ወይ። ጨው አታብዢ። አሸዋው ከስር ከጠቆረ አውጥተሽ እጠቢው። ባልዲውን ሞልተሽ አትሸከሚ ግማሽ ግማሽ አርገሽ ሁለቴ ተመላለሺ። እዚህ ጸሀይ ከባድ ነው።»

ገልብጣ ጀርባውን ታያለች፤ ባዶ ነው። አምስት ደብዳቤ እንዲሁ። ጨው፣ አሸዋ፣ ውሃ። ናፍቆት የሚል ቃል የለም፤ ዓይንሽ የሚል የለም። «ለሸርጣኖቹ ሞግዚት ነው እንዴ የቀጠረኝ?» ትላለች ለራሷ፤ ስቃ ለማለፍ ትሞክራለች፤ ሳቁ አይመጣም።

በአምስተኛው ደብዳቤ ቀን ከፍቷት ነበር፤ ደግሞም ቀልድ አምሯታል። ቀይ እስክሪብቶ አነሣች። «ሠላም» ላይ ያለውን ንጉሡን ሠ ሰርዛ እሳቱን ሰ አስገባች። «ጸሀይ»ን ከሥር አስምራ በፀሐዩ ፀና በሐመሩ ሐ ጻፈችው። አራት ነጥብ የጎደለበት ሁሉ አራት ነጥብ አኖረች። ግርጌው ላይ እንደ አስተማሪ ከብባ፣ «ከአሥር አራት። ለሚቀጥለው ስለ ሸርጣን ሳይሆን ስለ እኔ ጽፈህ ና!» ብላ ያንኑ ደብዳቤ መልሳ ላከችለት። ፖስታ ሣጥኑ ውስጥ ስትጥለው ብቻዋን ትስቅ ነበር። እሱም ይስቃል ብላ ነው።

ከዚያ ደብዳቤ ቀረ።

ሁለት ሳምንት። አራት። ሰባት። ሁለት ጊዜ ጻፈች፤ መልስ የለም። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ገና ከሩቅ ሲያያት ራሱን መነቅነቅ ጀመረ። በሄደበት ሌላ ሴት ይዞ ይሆን? ታሞ ይሆን? ወይስ እዚያ ሲደርስ፣ የዳኛ ልጅ ምን ታደርግልኛለች ብሎ አሰበ? ፋርማሲው ውስጥ የሰው ማዘዣ እያነበበች ሁለት ጊዜ የተሳሳተችው ያን ሰሞን ነው። ቀና ብላ፣ «ይቅርታ፣ ምን ነበር ያሉኝ?» ትላለች፤ ሰዉም ዶክተሯ ደክሟታል ይላል።

* * *

በስምንተኛው ሳምንት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ሻለቃውን አሸዋው ላይ ተንጋልሎ አገኘችው። ክንዱ ተዘርግቷል፤ አይነሣም። በጣቷ ነካ አደረገችው፤ አልተንቀሳቀሰም። አነሣችው፤ እንደ ወረቀት ቀለለባት።

የለቅሶዋን ድምፅ ሰምተው አባቷ መጡ።

«ምን ሆንሽ?»

«ሞተ፣ አባዬ። ሻለቃው ሞተ። ከእሱ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር፤ እሱንም ገደልኩት።»

ዳኛው አርባ ዓመት ሙሉ ባለጉዳይ ፊታቸው ሲያለቅስ አይተዋል። ልጃቸው ስታለቅስ ግን ምን እንደሚደረግ አያውቁም፤ ይህ የእናቷ ሥራ ነበር። መሐረባቸውን አወጡ፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አኖሩላትና ቀስ ብለው ወጡ።

ሬሳውን ባዶ የቅባት ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ከዚያ ጻፈች፦ «ሻለቃው ዛሬ ሞተ። አደራህን አልጠበቅኩም። ይቅር በለኝ።» ሌላ የምትጨምረው አጥታ ፖስታውን አሸገችው።

በስድስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የፋርማሲው ስልክ ጮኸ። አባቷ በሥራ ሰዓት ደውለውላት አያውቁም።

«ምን ሆኑ፣ አባዬ? ደረትዎን ነው?»

«ደረቴ ደህና ነው። ቶሎ ነይ። ሟቹ ተነሥቷል።»

«ማን?»

«ሻለቃው ነዋ! አሁን ከአሸዋው ውስጥ ወጣ። ራቁቱን ነው መሰለኝ፣ ነጣ ብሏል። ክንዱም ሙሉ ነው። ነይ አልኩሽ!»

ነጭ ጋውኗን ሳታወልቅ ሮጠች። ስትደርስ ዳኛው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በመስታወቱ ቤት ፊት በጉልበታቸው ተንበርክከዋል። ሻለቃው እውነትም አለ፤ ለስላሳ፣ ነጣ ያለ፣ ገና የተወለደ የመሰለ። ሞተ ብላ ያለቀሰችለት የጣለው ቅርፊት ኖሯል። እሱ አሸዋው ውስጥ ተደብቆ አዲሱ እስኪጠናለት ይጠብቅ ነበር።

«እርስዎ ግን እዚህ ምን ሊያደርጉ ገቡ?»

ዳኛው መሬቱን ተደግፈው እየተነሡ ዘገዩ። «አንቺ ስትወጪ በየቀኑ እገባለሁ። ድሮ ስገባ ችሎቱ በሙሉ ይነሣልኝ ነበር» አሉ፤ «አሁን ስገባ የሚነሣልኝ የእሱ ክንድ ብቻ ነው።»

ዘጠኝ ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲበሉ ብቸኝነት ያለው በእሷ ወንበር በኩል ብቻ ይመስላት ነበር።

«ለዚያ ሰውዬ የሐሰት ማስረጃ ልከሽለታል» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «አርሚው።»

ልታርም ወረቀት አዘጋጀች። በማግስቱ ግን የእሱ ደብዳቤ ቀድሟት ደረሰ። ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆማ ቀደደችው፦

«ለክብርት ፋርማሲስት፤ ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሞቷል ያሉት ሸርጣን ቅርፊቱን ቀይሮ ሊሆን ስለሚችል አሸዋውን እንዳይቆፍሩ፣ ቅርፊቱንም እንዳይጥሉት በትሕትና አሳስባለሁ፤ ተመልሶ ይበላዋልና። ስለ አደራው ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሸርጣኖቹ ሸክም ከሆኑብዎ ለዓሣ ነጋዴ ሊሰጧቸው ይችላሉ። ከአክብሮት ጋር።»

መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ሻለቃው ተነሥቷልና። ቀጥሎ ነው ጽሕፈቱን ያየችው። የእሱ እጅ አይደለም። የተማረ ሰው እጅ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ያማረ። አንድ ስሕተት ፈለገች። ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ፈለገች፤ አራት ነጥቡ ሁሉ በቦታው ነው። እርስዎ ብሏታል። ከቅርብ ሰዎቿ እርስዎ የምትለው አባቷን ብቻ ነው፤ ባለ መስታወቱ ደግሞ አንቺ ሲላት ነበር ሰው የሆነች የሚመስላት።

ያኔ ገባት። በቀይ እስክሪብቶዋ እጁን የቆረጠችው እሷ ናት። ያን ጊዜ ግን ደሙን አላየችም ነበር።

* * *

«አባዬ፣ ምን እንዳደረግኩ ልንገርዎት?» አለች በረንዳው ላይ። ነገረቻቸው፤ ቀዩን እስክሪብቶ፣ ከአሥር አራቱን፣ ሁሉንም።

ዳኛው ዓይናቸውን ወደ አዲሱ መስታወት አዞሩ።

«ያ ስንጥቅ» አሉ፣ «አሥራ አንድ ዓመት የቆየ ነው። እናትሽ በሕይወት እያለች ጀምሮ ነበር። አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም። ያን ዕለት ለምን ትዝ አለኝ?»

«እንዲያንስልዎት ፈልገው።»

«አዎ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ፈርቼ ነው፣ ልጄ። አንቺ ስትሄጂ እዚህ ቤት ማን ይቀራል? ዳኛ ነኝና ፍርሃቴን ፍርድ አስመሰልኩት። እሱ ደግሞ ይግባኝ ሳይል ለካና ሄደ።»

«ልጻፍለት?»

«በደብዳቤ የተበላሸ በደብዳቤ አይቃናም። ሂጂ። ፊቱን እያየሽ ንገሪው።»

«ሸርጣኖቹስ?»

ዳኛው ከኪሳቸው ብጣሽ ወረቀት አወጡ። «ጨዉ ስንት ግራም ነው ያልሺኝ?»

ተነሥታ አቀፈቻቸው። ከእናቷ ቀብር ቀን ወዲህ አቅፋቸው አታውቅም ነበር፤ ከትከሻቸው ማነስ የተነሣ ደነገጠች።

* * *

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተሳፍራ ከቀትር በኋላ ደረሰች። ሕንፃው ገና ግማሹ ክፍት ነበር። ዘበኛው፣ «ባለ መስታወቱ? ሦስተኛ ፎቅ፣ በውጭ በኩል» አላት። እዚያም ያንኑ ስም ይዞ ሄዷል።

ሦስተኛው ፎቅ ባዶ አዳራሽ ነው፤ ሲሚንቶ ይሸታል። እሱ በውጭ በኩል የመወጣጫ እንጨት ላይ ቆሞ አዲስ የተገጠመ መስታወት በጨርቅ እየወለወለ ነበር። ከስቷል። ፀሐይ አንገቱን አጥቁሮታል። ጨርቁ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ፣ በጠራው ቦታ በኩል አያት። እጁ ቆመ። በመሐላቸው ያ መስታወት ብቻ አለ፤ ድምፅ አያሳልፍም። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ አልሰማትም።

ዞሮ መስታወት ባልተገጠመለት መስኮት ገባ።

«እንዴት መጡ?» አለ።

«አንቺ በለኝ። እባክህ፤ ብትሰድበኝም አንቺ ብለህ ስደበኝ።»

ጨርቁን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ መልሶ አጠፈ።

«ማነው የጻፈልህ?»

«የመጋዘኑ ጸሐፊ። አስተካክሎ ይጽፋል።»

«እኔ ቀልዴን ነበር…»

«ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት» አላት፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። «ነግሬሽ ነበር። ለሌላ ሰው ነግሬ አላውቅም። እያንዳንዱን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ነው የምጽፈው፤ መጀመሪያ በሲሚንቶ ከረጢት ላይ፣ ከዚያ በደብተር፣ ከዚያ በደህናው ወረቀት። እሑዴ በሙሉ በዚያ ያልቃል። ያ ፖስታ የመጣ ቀን አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ከበውኛል። ‹ከእሷ ነው! አንብብልን!› አሉኝ። ደስ ብሎኝ ፊታቸው ከፈትኩት።» ቀና ብሎ አያት። «ሁሉም አዩት። ቀይ በቀይ። ከአሥር አራት።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«አባትሽ ለኩኝ፤ ቻልኩት። አያውቁኝም። አንቺ ግን ታውቂኛለሽ። አንቺ ጋ ስሆን አንሼ አላውቅም ነበር።»

«ስለ እኔ አንድ ቃል እንድትጽፍልኝ ነበር የፈለግኩት!» ድምፅዋ ባዶውን አዳራሽ ሞላው። «አምስት ደብዳቤ! ጨው፣ አሸዋ፣ ውሃ! የምትወደኝ መሆኑን ከየት ላንብበው?»

«ባልዲውን ግማሽ ግማሽ አድርጊ ብዬ የጻፍኩት ለማን ወገብ ነው?» ድምፁ ተሰበረ። «ሸርጣን ወገብ አለው?»

እንባዋ ሳታስበው ፈሰሰ። አምስቱንም ደብዳቤ በቃሏ ታውቃቸዋለች፤ አንዱንም አንብባው አታውቅም ኖሯል።

ከታች ፎርማኑ ተጣራ። «ልሂድ» አላት፤ «መስታወት ተንጠልጥሏል።» ሄደ። እሷም በዚያ ሰፊ አዳራሽ መሐል፣ ሲሚንቶና ዝምታ ከቧት፣ አንድ ነገር ብቻ ይሰማት ነበር፤ ይቅርታ ለመጠየቅ መጥታ ቃሉን ሳትናገረው መቅረቷ።

* * *

እሑድ ጠዋት አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀመጠች። ሻንጣዋን እግሯ ሥር አደረገች። ሞተሩ ተነሣ። ደጁን ላለማየት ዓይኗን ጨፈነች፤ ስትከፍተው እሱ መተላለፊያው ላይ ቆሟል፤ ተላጭቷል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ሮጦ የመጣ ሰው ትንፋሽ ይተነፍሳል።

«እስከ መጀመሪያው ፌርማታ ልሸኝሽ» አለና አጠገቧ ተቀመጠ።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለችው ወዲያው፣ እንዳይቀርባት ፈርታ። «አሳነስኩህ። መሳቄ ነው ብዬ አሳነስኩህ። ይቅር ትለኛለህ?»

«ገና ነው» አለ። «ግን መጥቻለሁ።»

ይህን መልስ ከእሺታ የበለጠ አመነችው። ትከሻቸው ተነካካ። የመጀመሪያው ፌርማታ ደረሰ፤ ሰው ወረደ፤ እሱ አልወረደም።

«ወንድም፣ የት ነህ አንተ?» አለ ረዳቱ።

«ቀጣዩ ላይ።»

ቀጣዩም አለፈ። ረዳቱ መጣ፣ ሁለቱን አየ፣ አንገቱን ነቀነቀና ሳይጠይቅ ሄደ። ስለ ሻለቃው ነገረችው፤ አባቷ ተንበርክከው ማየታቸውን ስትነግረው ሳቀ፤ ከስንት ወር በኋላ የሰማችው ሳቅ ነበርና እንዳያልቅ ደግማ ነገረችው። ስለ በረንዳው ስንጥቅ የተናገሩትን ስትነግረው ግን አልሳቀም፤ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

«ስምንት ወር ቀርቶኛል» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ደብዳቤ አልጽፍልሽም። እጄ ገና እምቢ ይላል። ግን ከመናኸሪያው ጎን የሕዝብ ስልክ አለ። እሑድ እሑድ በአራት ሰዓት እደውላለሁ።»

«እሑድ ፋርማሲው ዝግ ነው። ቤት ደግሞ ስልኩን የሚያነሡት አባዬ ናቸው።»

«ያንሡት» አለ። «እሳቸውንም የማናግራቸው ነገር አለኝ። መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ አንቺን። ስጨርስ ደግሞ እመጣለሁ፤ ያኔ ‹አይሆንም› የሚሉኝ ከሆነ፣ ቁጭ ብዬ ‹ለምን?› እላቸዋለሁ።»

እጁን ያዘችው። ያረጁ ጠባሳዎች በጣቶቿ ሥር ይቆጠራሉ፤ አንዱን ታውቀዋለች።

በሦስተኛው ፌርማታ ከወንበሩ ተነሣ፤ ነገ ሥራ አለበት፣ ወደ ኋላ የሚመልሰው መኪናም ያለው እዚያ ብቻ ነው። ወረደ። መስኮቷ ሥር ቆሞ ቀና ብሎ አያት። አውቶቡሱ ተነቃነቀ፤ እሱ ቀስ በቀስ አነሰ፣ አቧራው ሸፈነው። አንገቷ እስኪያማት ዞራ አየች። ስምንት ወር ስንት እሑድ ነው? ልትቆጥር ጀምራ ተወችው።

ከፊቷ አራት ሰዓት መንገድ አለ። ከመንገዱ መጨረሻ ያ ጸጥ ያለ ቤት፣ ያ ጠረጴዛ፣ ያ ሬዲዮ። ብቸኝነቷ እዚያው እንዳለ ታውቃለች፤ ማንም አልወሰደላትም። እሱ የተቀመጠበት ወንበር ገና አልቀዘቀዘም። መዳፏን አኖረችበት።

ከዚያው ፌርማታ የተሳፈረ፣ ቦርሳውን ትከሻው ላይ ያንጠለጠለ ወጣት ባዶውን ቦታ አይቶ ጠጋ አለ።

«እህቴ፣ ሰው አለው?»

ወንበሩን አየች። ኋላ ብዙ ባዶ ቦታ አለ።

«አለው» አለች፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እንባዋንም አልጠረገችውም።